መልስ፦ የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ፎቶ ላይ ለምን ይኮሳተራሉ?

ወዳጄ፣ በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ (በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ) ፎቶ የተነሱ ሙዚቀኞችና ሠዓሊዎች ፈገግ የማይሉት ካሜራው ደቂቃዎች ስለሚፈጅ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

ደቂቃ ሙሉ ድርቅ ብሎ መቀመጥ የቀደመው ጊዜ ጣጣ ነው። ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ቫዮሊኒስቱን ጆሴፍ ዮአኪምን በ1868 (እ.ኤ.አ.) ያነሳችው እርጥብ ኬሚካል በተቀባ መስታወት ነበር። ተነሺው ንቅንቅ ካለ ፎቶው ይበላሻል። ያንን ፎቶ ፈልገህ እየው! ቫዮሊኑን ይዞ፣ ፊቱ ከጨለማው ውስጥ ብቅ ብሎ። እኔ አይቼ አልጠግበውም።

ከ1878 ገደማ ጀምሮ ግን ፋብሪካ ያመረተው፣ ኬሚካሉ ቀድሞ ተቀብቶ የደረቀበት መስታወት ገበያ ገባና ስቱዲዮ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ በቂ ሆነ። ኮስታራነቱ ግን አለቀቀም። እንደሚመስለኝ ጉዳዩ የክብር ነው። ሙዚቀኛው እንደ ተራ አዝናኝ ሳይሆን እንደ ሊቅ መታየት ፈልጓል። ፎቶው እኮ 11 በ16.5 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ ነበር፤ አድናቂው ገዝቶ አልበሙ ውስጥ ይከተዋል።

ለስለስ ያለ ነገር ካማረህ የፍሬድሪክ ሆልየርን ሥራዎች ተመልከት። የለንደን ፎቶ አንሺ ነው፤ ሰኞን ለሰው ፎቶ ብቻ ይመድብ ነበር። ሠዓሊው በርን ጆንስና ገጣሚውና ንድፍ አውጪው ዊልያም ሞሪስ ካሜራው ፊት ሲቀመጡ ዘና ብለው ይታያሉ። ፕላቲነም በተባለው ውድ ብረት ያተማቸውን ፎቶዎች አስቀድም፤ ግራጫቸው ልዩ ነው።