የቆየ የደመወዝ ሲስተም ስናድስ ሞጁልን ከየት እንጀምር?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ገላን ያለ ፋብሪካ ውስጥ በቪዥዋል ቤዚክ 6 (አሮጌ የፕሮግራም ቋንቋ) እና በአክሰስ (የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት) የተሠራ የደመወዝና የስቶር ሲስተም ተረክበሻል። አለቃሽ ወደ ሲ ሻርፕ፣ ወደ አዲሱ የማይክሮሶፍት ቋንቋ፣ ቀይሪው ብሎሻል። ስለ ሞጁል (የራሱን ሥራ ለብቻው ስለሚይዝ የፕሮግራም ክፍል) ብዙ ቪዲዮ አይተሻል፣ ኮዱን ስትከፍቺው ግን ሁሉም ይጠፋብሻል። ኮርስ ልጨርስ ወይስ ከዜሮ ልጻፈው ነው ያልሽው።

እኔ ሁለቱንም አልመክርም። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ባሉ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች እንዲህ ያለ ሲስተም ስነካካ ነው የኖርኩት። ሰርቨሩ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ሥር ያለ ኮምፒውተር ነው፤ ታውቂዋለሽ። ሞጁል የሚገባሽ እዚያው አሮጌው ኮድ ላይ፣ ሲስተሙ ደመወዝ እየከፈለ ሳለ ነው።

ብዙ ሰው ሞጁል ሲባል ትልቅ ፋይልን መከፋፈል ይመስለዋል። እንደዚያ ካደረግሽ ያው ጣጣ በብዙ ፋይል ተበትኖ ይጠብቅሻል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያነሣው ሐሳብ ይሻላል፦ ፕሮግራሙን በሥራው ቅደም ተከተል አትከፋፍሉ፣ ነገ ሊለወጥ የሚችለውን ውሳኔ ለዩና እያንዳንዱን በየራሱ ሞጁል ደብቁት። ስለዚህ ኮዱን ከመክፈትሽ በፊት ሒሳብ ክፍል ሄደሽ "እዚህ ቤት ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው ምንድን ነው?" ብለሽ ጠይቂ።

መልሱ ግብር ነው። የሥራ ግብር ሰንጠረዡ በገቢ ግብር አዋጅ 979 ሥር እስከ 600 ብር ነፃ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ነፃው 2,000 ብር ደረሰ፣ እርከኖቹም ተለወጡ። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ድሮ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር፣ አሁን 500 ብር። አሁን "600" የሚለውን ቁጥር በኮድሽ ውስጥ ፈልጊው። የደመወዝ ፎርሙ "አስላ" ቁልፍ ሥር ታገኚዋለሽ። የትርፍ ሰዓቱ ፎርም ላይም፣ የቦነሱም ላይ፣ አንዳንዴ ሪፖርቱ ውስጥም አለ። እያንዳንዱ ከሌላው ተገልብጦ የተለጠፈ ነው። አንዱን አስተካክለሽ ሌላውን ከረሳሽ የፔሮል ወረቀቱና የሠራተኛው ስሊፕ አይገጥሙም፤ ሠራተኛው ደግሞ ስሊፑን ይዞ ወዳንቺ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሞጁልሽ ይኸው ነው። እዚያው ቪዥዋል ቤዚክ 6 ውስጥ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ፣ ጻፊ። ሁለት ነገር ይቀበላል፦ ግብር የሚከፈልበትን ገቢና የደመወዙን ወር። ወሩ ለምን? ያለፈ ወር ውዝፍ ሲከፈል በዚያ ወር ሰንጠረዥ መታሰብ ስላለበት ነው። እርከኖቹን ከነቀናቸው አክሰስ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገቢ። ፋንክሽኑ ከፎርሙ ላይ ምንም አያንብብ፣ ግሎባል ቫሪያብል (ሁሉም የኮዱ ክፍል የሚጋራውን ዋጋ) አይንካ፣ መልእክት አያሳይ። ቁጥር ይቀበል፣ ቁጥር ይመልስ፣ በቃ። ከባዱ ይኸ ነው፣ ምክንያቱም አሮጌው ኮድ ሁሉን ነገር በእንዲህ ያለ የጋራ ቫሪያብል ማቀባበል ለምዷል። ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት የሚለውን መስመር ካገኘሽም አውጪው፤ ስሕተቱን እየዋጠ ዓመታት አልፈዋል።

ከዚያ በየፎርሙ ያለውን ግልባጭ አንድ በአንድ አጥፍተሽ ፋንክሽኑን አስጠሪ። አንዱን ባጠፋሽ ቁጥር የባለፈውን ወር ፔሮል እንደገና አስሊና ከታተመው ጋር አስተያዪ። እርከኖቹ የሚገናኙበት ላይ ፈትሺ፦ 2,000፣ 2,001፣ 4,000፣ 4,001፣ እስከ 14,000 እና 14,001። ሳንቲም ላይ ልዩነት ካየሽ አትደንግጪ፤ ራውንድ የሚባለው የቪዥዋል ቤዚክ ማጠጋጊያ ልክ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6...) ይሄዳል፣ ኤክሴል ግን ግማሹን ሁልጊዜ ወደ ላይ ያጠጋጋል። 2.5 በአንዱ 2፣ በሌላው 3 ነው። የትኛው ይሁን የሚለውን ሒሳብ ሹሟ ትወስን።

ይህ ሲያልቅ ወደ ሲ ሻርፕ መሄድ ይቀላል። ያችኑ ፋንክሽን በዶት ኔት (ሲ ሻርፕ የሚሠራበት መድረክ) ላይብረሪ አድርገሽ ጽፈሽ፣ በኮም (የዊንዶውስ ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚጠራሩበት መንገድ) በኩል አሮጌው ፎርም እንዲጠራት ማድረግ ይቻላል። ገንዘቡን ዴሲማል በሚባለው የቁጥር ዓይነት ያዢው፣ ደብል የሚባለውን አትጠቀሚ፤ ሳንቲም ሊያዛባ ይችላል። ሠራተኛው ምንም ለውጥ አያይም፣ አንቺ ግን አንድ ቁራጭ አሻግረሻል።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩን ያዢ። አሮጌ ኮድ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየቀነሰ ቀን የሚቀይር መስመር አይጠፋም፤ ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመት ላይ፣ ለምሳሌ 2015 ዓ.ም.፣ ያ ስሌት ይሳሳታል። የጡረታ መዋጮው፣ የሠራተኛው 7 እና የአሠሪው 11 በመቶ፣ ቀላል ነው፤ በግማሽ ቀን ታወጪዋለሽ። ስቶሩን ግን ለመጨረሻ አቆዪው። እዚያ ውስጥ የሰው ልማድ ከኮዱ ይበልጣል፣ የግምጃ ቤት ሠራተኞቹን ሳታናግሪ አትንኪው።

ለአለቃሽ "በስድስት ወር እጨርሳለሁ" አትበዪው። የግብሩን ክፍል በዚህ ወር አሳዪው፣ ከዚያ ስለ ቀሪው ተነጋገሩ። ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፣ ማይክሮሶፍት የመጻፊያውን ድጋፍ በ2008 አቁሟል፤ ግን የተሠራው ፕሮግራም ዛሬም ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የምትጣደፊበት ምክንያት የለም። ያ የ"አስላ" ቁልፍ ኮድ ረጅም ከሆነ ስሞቹን ቀይረሽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።