መጀመሪያ ሽቦውን፣ ከዚያ ኩለሩን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የድሮ ሃይሉክስ ላይ የሰርፍ 1ኬዜድ ሞተር ከነአውቶማቲክ ካምቢዮው አስገብተሃል። 33 ኢንች ጎማ አልብሰኸዋል። አሁን ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስትወጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ሳትደርስ ካምቢዮው ሞቆ መንሸራተት ይጀምራል። «ያለውን ትልቁን የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ (ኩለር) ልግዛ? የትስ ልግጠመው?» ነው ያልከው። የኔም መኪና ለአንተዋ ዘመድ ናት፤ ያው ሞተር፣ ያው ካምቢዮ፣ ያው ስቃይ።

ብር ከማውጣትህ በፊት የካምቢዮው ኮምፒውተር በትክክል መገናኘቱን እይ። እኛ ጋ ሞተር ሲቀየር፣ ማርሹ ከገባ «በቃ፣ አለቀ» ይባላል። ግን ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ሎክ አፕ የሚባል ክላች አለ። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ሽቦው ካልተያያዘ አይቆልፍም። ያኔ ኮንቨርተሩ መንገዱን ሙሉ ዘይት ሲበጠብጥ ይውላል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ ሁለት ወር ኩለር ሳማርጥ ከርሜ፣ ጥፋቱ ከዳሽቦርዱ ስር ተንጠልጥሎ የቀረ አንድ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። መሞከሪያው ቀላል ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ በ80 እየሄድክ፣ ከኋላህ ሰው አለመኖሩን አይተህ፣ ነዳጁን ሳትለቅ ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ነካ አድርግ። የሞተሩ ዙር ትንሽ ዘለል ካለ ሎክ አፑ ይሠራል።

በእርግጥ ቸርችል ላይ በ15 እየተንፏቀቅክ ስትወጣ ሎክ አፕ ከነጭራሹ አይገባም። እዚያ የሚጎዳህ ጎማው ነው። ከ31 ወደ 33 ስትሄድ ማርሹ ይረዝማል፣ ኮንቨርተሩም የበለጠ ይንሸራተታል። ዲፈረንሻሉን ለትልቁ ጎማ በሚስማማ እስክትቀይር ዳገት ላይ ዲ ላይ አትተወው፤ 2 ላይ ወይም ኤል ላይ አድርገው። ብዙ ሰው ይሄን ይንቃል።

አሁን ወደ ኩለሩ። ቱቦው እየተጠማዘዘ የሚሄድ አለ፣ ሳህን በሳህን የተደራረበም አለ። የተደራረበው ይሻላል። በትንሽ ቦታ ብዙ ያቀዘቅዛል። አንዳንዶቹ ደግሞ ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን አብዛኛውን በአቋራጭ ያሳልፉታል። ለሐምሌ ጠዋት ጥሩ ነው። ግን ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ እንዳትገዛ! የሞተ ካምቢዮ የብረት ብናኝ ሳህኖቹ መሃል ተቀብሮ ይቀራል፤ ብታጥበውም አይወጣም፤ ቀስ እያለ ያንተ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ሌላው ሌላው ዕቃ ያገለገለ ይሁን፣ ይሄ ግን አዲስ ይሁን።

መጠኑን ስትመርጥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አስታውስ። አየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ነው፣ ሙቀት የሚሸከመውም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ በል። ሦስት ደረጃ ግን አያስፈልግም። ከትልቅነቱ ይልቅ ቦታው ይበልጣል። አንዳንዱ ፓራውልት ስር ይገጥመዋል፤ መኪናው ሲሮጥ ያምራል፣ ትራፊክ ላይ ሲቆም ግን ነፋስ የለም። ከራዲያተሩና ከኤሲው ኮንደንሰር ፊት አድርገው፤ የሞተሩ ማራገቢያ ቆመህም ይስብለታል። ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተውለት። በላሜራ እግር ሠርተህ በብሎን እሰረው። በራዲያተሩ ክንፎች መሃል የሚሰኩትን ፕላስቲክ ማሰሪያ ተወው፤ በንዝረት እየፈገፈገ ራዲያተሩን ይበሳዋል። የቱቦ መግቢያዎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁኑ፣ ወደ ታች ከሆኑ አየር ይታፈናል።

የቱቦው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ወደ ኩለር፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ካምቢዮ። የራዲያተሩ ውሃ ጠዋት ዘይቱን ያሞቅልሃል። ራዲያተርህ ያረጀ ከሆነ ግን እኔ አላምነውም። ውስጡ ያለችው የካምቢዮ ዘይት ቧንቧ ከተበሳች ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። አንድ ጓደኛዬ ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ሲያወጣ፣ ጁስ ቤት የሚቀርብ እንጆሪ በወተት ይመስል ነበር። ውሃው የክላቹን ሙጫ ይፈታዋል፤ ካምቢዮው ተፈቶ ተሠራ። ካላመንክ ራዲያተሩን ዝለለውና ኩለሩን ብቻውን ተጠቀም፤ ያን ጊዜ ጠዋት ጥቂት ደቂቃ ቀስ ብለህ ንዳ።

ቱቦ ላይ እኔ ጥፋት ሠርቻለሁ። ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ቱቦ አጥቼ የውሃ ቱቦ አስገባሁ። ዘይቱ ጎማውን አለሰለሰው። የብረት ቧንቧው ጫፍም እብጠት የሌለው ልሙጥ ነበር። ወደ እንጦጦ ስወጣ ሽሮ ሜዳ ላይ ቱቦው ሾለከ። ዘይቱ የጋለው ማርሚታ ላይ ፈሰሰ፣ ጭሱ ከኮፈኑ ስር ተነሣ፣ የሰፈሩ ልጆች «እሳት! እሳት!» እያሉ ከበቡኝ። እሳት አልነበረም፣ እድሜ ለእግዜር። ፋሼታውን (የቱቦ ማሰሪያውን) ብታንቀው ዋጋ የለውም፤ የቧንቧውን ጫፍ አስነፋው፣ ቱቦውን ትክክለኛውን ግዛ።

ከጨረስክ በኋላ ዘይቱን ጨምር፤ ኩለሩና ቱቦው ራሳቸው ይጠጣሉ። ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹን ሁሉ አዙረህ ፒ ላይ ስትመልሰው ነው ዲፕስቲኩ የሚታየው። ቀዝቃዛ ላይ አይተህ የሞላኸው ያታልልሃል። ከካምቢዮው በሚወጣው ቱቦ ላይ የሙቀት ጌጅ ግጠም። መኪናው ሜዳ ላይ ሲሄድ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ከሆነ ተረጋጋ። 120 ካለፈ ዳር ይዘህ ቁም፣ ማርሹን ኤን ላይ አድርገህ ሞተሩን ሳታጠፋ አቀዝቅዘው።

ለዛሬ ግን አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ከዲፕስቲኩ አንዲት ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣልና ፎቶዋን ላክልኝ። ቀይ ከሆነ ሽቦውን እንፈልጋለን። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተህ፣ ስለ ኩለር ከማውራታችን በፊት ካርተሩን (ከካምቢዮው ስር ያለውን የዘይት ገንዳ) አስወርደህ ውስጡን ማየት አለብህ።