የጥርስ ጥያቄዎቻችሁ፦ በአንድ ቀን የሚያልቀው ሴራሚክ ክራውን

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ አምና ሩት ካናል ተሰርቶለት በትልቅ ሙሌት ተሞልቶ ነበር፣ ክራውን (ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ቆብ) ያስፈልገዋል ሲሉኝ ብሩ ስላልሞላልኝ ተውኩት፣ ሰሞኑን ቆሎ ስቆረጥም ግማሹ ተሰብሮ ወጣ። ህመም የለውም። አንዱ ክሊኒክ በማሽን የሚሰራ ሴራሚክ በአንድ ቀን እንጨርስልሻለን አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ወደ ጥርስ ላብራቶሪ (ላብ) ተልኮ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ዋጋው ግን ይቀንሳል አለ። ሱቅ ዘግቼ መመላለሱ ስለሚከብደኝ በአንድ ቀን ቢያልቅ ደስ ይለኛል፣ ግን ሰዎች ቶሎ የተሰራ ነገር አይበረክትም ይሉኛል፣ እውነት ነው?
ሰ.፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ህመም የለውም ብለሽ እንዳትዘናጊ። ሩት ካናል የተሰራለት ጥርስ ነርቩ ስለወጣ ቀዝቃዛም ጣፋጭም ሲነካው አይሰማሽም፣ በተሰበረበት በኩል ምራቅና ባክቴሪያ እየገባ ውስጥ ውስጡን ሲያበላሸው አታውቂውም ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ፣ እስከዛ በዛ በኩል አታኝኪ።

ቶሎ የተሰራ አይበረክትም የሚባለው እዚህ ላይ አይሰራም። ሴራሚኩ ክሊኒኩ ውስጥ አይደለም የሚሰራው፣ ፋብሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ ብሎክ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ማሽኑ ቅርፁን ነው የሚያወጣው። ቴክኖሎጂው ራሱ አዲስ አይደለም፣ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቨርነር ሞርማን የሚባል የጥርስ ሀኪምና ማርኮ ብራንዴስቲኒ የሚባል ኢንጂነር ሴሬክ የተባለውን ማሽን ሰርተው የመጀመሪያውን ታካሚ ያከሙት በፈረንጆቹ 1985 ነው፣ ያኔ ሙሉ ክራውን ሳይሆን ጥርስ ውስጥ የሚገባ የሴራሚክ ሙሌት ነበር፣ ክራውኑ በኋላ ነው የመጣው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ጥርሱ በማደንዘዣ ይሞረዳል፣ ከላይ እንደ ሴራሚኩ አይነት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይነሳለታል፣ ከዛ ያ ልኬት የሚወሰድበት የሚያስታውከው ሊጥ መሳይ ነገር አፍሽ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ በትንሽ ካሜራ ስካን ይደረጋል፣ ኮምፒውተር ላይ ዲዛይን ይሆናል፣ ማሽኑ ከብሎኩ ይቀርፀዋል። ብዙ ክሊኒክ የሚጠቀመው ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባለው ሴራሚክ ሲቀረፅ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነው፣ ወደ 840 ዲግሪ በሚሞቅ ምድጃ ሲገባ ነው የጥርስ ቀለም የሚይዘውና የሚጠነክረው (ያን ቀለም አይተሽ እንዳትደነግጪ!)። ማታ ማታ ጥርስሽን የምታፋጪ ከሆነ ዚርኮኒያ የሚባለው ሴራሚክ ይሻልሻል፣ ከዳይሲሊኬቱ በእጥፍ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ክሊኒኮች ስለቀን ነገሩሽ እንጂ ስለጥርስሽ ምንም የነገሩሽ የለም። ክራውን የሚቆመው በተረፈው ጥርስ ነው፣ መሰረት የሌለው ቤት ላይ ምንም ጥሩ ቆርቆሮ ብትመቺ ዋጋ የለውም። ከድድ በላይ ዙሪያውን ወደ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ጤነኛ ጥርስ መትረፍ አለበት፣ ክራውኑ እሱን አቅፎ ነው የሚይዘው፣ ከዛ ካነሰ በሙሌት ብቻ ገንብቶ ላዩ ላይ ቢለጠፍ ወይ ይወልቃል ወይ ስሩን ይዞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በአንድ ቀን ያልቃል ወይ ከማለትሽ በፊት ራጅ ይነሳልኝ በይ፣ የድሮው ሩት ካናል ደህና ነው ወይ፣ ስብራቱ ከድድ ስር ወርዷል ወይ፣ ስንት ሚሊሜትር ተርፎኛል ብለሽ ጠይቂ። ስሩ ላይ ኢንፌክሽን ካለ ሩት ካናሉ እንደገና መሰራት አለበት፣ ያኔ የአንድ ቀኑ ነገር ይቀራል፣ ይቅር። ስብራቱ ስሩን ሰንጥቆ ከወረደ ደግሞ ጥሩ ሀኪም ክራውን አይሸጥልሽም፣ መነቀል አለበት ብሎ በግልፅ ይነግርሻል።

ጥርሱ ደህና ከሆነ ግን ላንቺ የአንድ ቀኑ ጥሩ ነው፣ ለመመላለሱ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ላብ ሲላክ ጊዜያዊ ሽፋን ተደርጎልሽ ነው የምትቆዪው፣ እሱ ከላላ ወይ ከወለቀ ደግሞ ምራቅ ይገባል። የላቡም ቢሆን መጥፎ አይደለም፣ ከዚሁ ሴራሚክ ይሰራል፣ በተለይ የፊት ጥርስ ላይ ቀለም ለማመሳሰል ጎበዝ ቴክኒሽያን ማሽኑን ያስከነዳል። ብሩ ካልሞላ የላቡን አሰሪ፣ እሱም ካልሆነ ለጊዜው ጥርሱን ከላይ ሸፍኖ የሚይዝ ኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት) ይሰራልሽ፣ እንዲሁ ክፍት መተው ግን አይሆንም። ዋጋ ስትጠይቂ ራጁና ከስር የሚገነባው ሙሌት ተካቷል ወይ በይ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አላችሁ ወይ ማለትም ነውር አይደለም፣ ተሞርዶ ማሽን መጠበቅ ያናድዳል።

ሲለጠፍ ድድሽ መድማት የለበትም፣ ማጣበቂያው እርጥበት ላይ በደንብ አይዝም። ከመነሳትሽ በፊት በቀለም ወረቀቱ አስነክሰው ያዩሻል፣ ከፍ ያለ ከመሰለሽ አፍረሽ ዝም አትበይ። ክራውኑ አይበሰብስም ግን ከጥርሱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ይበሰብሳል፣ ብሩሽም መፋቂያም እዛ ድረስ ይድረስ፣ በጥርሶቹ መሀል ደግሞ ክር አስገቢ።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ወንጂ ነው፣ አሁን ሰበታ ነኝ። የፊት ጥርሶቼ ቡኒ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ስላለብኝ ስድስቱንም በአንድ ቀን ሴራሚክ ላስለብስ?
አ.፣ ከሰበታ

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ፣ ግን አታድርገው። ያንተ ጥርስ ውስጡ ጤነኛ ነው፣ ቀለሙ የመጣው በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ካለው ፍሎራይድ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይላል፣ የወንጂ አካባቢ ጉድጓዶች ደግሞ ከዛ በብዙ የሚበልጡ ነበሩ፣ ልጅ ሆነህ ጥርስህ ሲሰራ ነው የገባበት። ለሙሉ ክራውን ከሚታየው ጥርስ ከግማሽ በላዩ ተሞርዶ ይጣላል፣ የተሞረደ ደግሞ አይመለስም፣ በወጣትነትህ ስድስት ጤነኛ ጥርስ አጥተህ እድሜ ልክህን ክራውን ስትቀያይር ልትኖር ነው። መጀመሪያ ላዩን በስሱ ማፅዳትና ብሊቺንግ (በመድሀኒት ማንጣት) ይሞከር፣ የቀረውን ቡኒ ቦታ ኮምፖዚት ይሸፍነዋል፣ ከዛ በኋላ ነው ስለቬኒር (ከፊት በኩል ብቻ ስለሚለጠፍ ስስ ሽፋን) የሚወራው። ብሊቺንግ ከተደረገ ኮምፖዚቱ የሚለጠፈው ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ሰርጉ እስኪደርስ አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ጀምር።