ከስምሽ ቀጥሎ ያለው ባዶ መስመር

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የክልል ከተማ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ 26 ዓመቷ ነው። የኤፍኤም ሬዲዮ ሪፖርተር ከሆነች ሁለት ዓመት አልፏታል። ስለ ውሃ የ12 ደቂቃ ዘገባ ሠርታለች። በአንድ ሰፈር የግቢ ቧንቧ ከደረቀ ወራት ተቆጥረዋል፤ ቢሉ ግን በየወሩ ይመጣል። ሰፈርተኛው ሌሊት እየተነሳ ቦኖ ላይ ይሰለፋል። ይህን ዘገባ ለወጣት ጋዜጠኞች በተዘጋጀ ዓለም አቀፍ የሽልማት ውድድር ላይ ልታቀርበው ነው።

ጥያቄዋ ብዙ ነው። እንግሊዝኛዋ ደከም ይላል። አለቃዋ «ሥራው የጣቢያው ነው» ይላታል። አባቷና ወንድሟ «ይሄን ነገር ተዪና ባንክ ግቢ» እያሉ ይጎተጉቷታል። መሃል ላይ ግን እንዲህ የሚል አንቀጽ አለ፦

«ድምፁን ግማሽ ያህል የቀረጸው አብሮኝ በኮንትራት ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። አሁን ሥራውን ለቆ ባጃጅ ይነዳል። ፎርሙ ላይ ከስሜ ቀጥሎ ‹ሌሎች የተሳተፉ ካሉ› የሚል መስመር አለ። ባዶውን ብተወው ችግር አለው? እሱ ከሙያው ስለወጣ ምንም አይጠቅመውም። ዳኞቹም ሥራው የኔ ብቻ እንዳልሆነ ካወቁ ነጥብ የሚቀንሱብኝ ይመስለኛል።»

እህቴ፣ ሌላውን በአጭር በአጭሩ እመልስልሻለሁ። ይቺን ግን ዝም ብዬ አላልፋትም።

እኔ 9 ዓመት ሬዲዮ ሠርቻለሁ። በሦስተኛው ዓመቴ ገጠር ሄጄ አራት ቀን ቀረጽኩ። ልጆች ትምህርት ቤት ለመድረስ በክረምት ወንዝ የሚያቋርጡበት ቦታ ነበር። ድልድዩ ማለት አንድ የወደቀ ግንድ ነው። ስመለስ ሌላ ሥራ ተሰጠኝና ካሴቶቹን ለአንድ ነባር ባልደረባዬ አስረከብኩ። አቀናብሮ አስተላለፈው። ስሜ አልተጠራም፤ ያኔ ብዙም አልከፋኝም። በዓመቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሬዲዮው ላይ «የዘንድሮ ተሸላሚ ዘገባ» ሲባል ሰማሁ። ያው ወንዝ።

አንዲት እናት አሉ እዚያ ውስጥ። ለእኔ ሲናገሩ ስሜን ጠርተው ነው «አንተው ራስህ ተሻግረህ እየው» ያሉኝ። በተሸላሚው ዘገባ ላይ ስሜ ተቆርጧል። ስሙ የነበረበት ቦታ ላይ ግማሽ ትንፋሽ ቀርታለች፤ ለሌላ ሰው አትሰማም፣ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ትሰማኛለች። ሴትዮዋ «አንተው ራስህ ተሻግረህ እየው» የሚሉት እንግዲህ ወንዙን በዓይኑ ላላየ ሰው ሆነ ማለት ነው። የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ።

በማግስቱ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ኮሪደር ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አብረን ነው እኮ የሠራነው» አለኝ። መድረኩ ላይ ግን እንዲህ አላለም። ለማንም አላመለከትኩም። ሰውየው አልተነካም፣ እኔም አልተባረርኩም። ከዚያ በኋላ ግን የቀረጽኩትን ድምፅ ለማንም አስረክቤ አላውቅም። ለአዳዲስ ልጆችም ቢሆን። አሁን ሳስበው በዚህ የተጎዱት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ «እሱን ምን ይጠቅመዋል» ብለሽ ስትጽፊ ደሜ ፈላ። የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን የምታውቂለት አንቺ አይደለሽም። ባጃጅ የሚነዳው ጋዜጠኝነት ስላስጠላው ይሁን ኮንትራቱ ስላልታደሰለት አልጻፍሽልኝም። ነገ አንድ ማስታወቂያ ወጥቶ ቢያመለክት «ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የቀረበ ሥራ ላይ ተሳትፌያለሁ» የምትለዋ መስመር ብቻዋን ለቃለ መጠይቅ ልታስጠራው ትችላለች። ስንት ሲቪ አገላብጫለሁ፤ እንደዚህ ያለች መስመር ላይ ዓይን ይቆማል።

የላክሽልኝን ድምፅ ሁለቴ ሰማሁት። መጀመሪያ ላይ ለ40 ሰከንድ ያህል ማንም አይናገርም። ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ያፏጫል። ጀሪካን ከጀሪካን ይጋጫል። ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። ከዚያ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «መጣ እንዴ?» ትላለች። ይሄን የቀረጸው እሱ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እናቱ እዚያው ሰልፍ ላይ ስለሚቆሙ አብሯቸው ወጥቶ። ይህን በደብዳቤሽ የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ «ውሃ ሳትሰጡ ቢሉን ምን ብላችሁ ነው የምታወጡት?» ያልሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ሰውየው ዝም አለ። ዝምታውን አልቆረጥሽም፣ በሌላ ጥያቄም አላዳንሽውም። ያ ጥያቄና ያ ዝምታ የአንቺ ነው፤ ማንም አይወስድብሽም። ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ ብዬ ያሰብኩት እዚያ ጋ ነው።

ዳኞቹ ነጥብ ይቀንሱብኛል ያልሽው ስህተት ነው። ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው ሰው ራሱ የዜና ክፍል ሰው ነው። ሬዲዮ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል። የ1984ቱን የኮረም የረሃብ ዘገባ አስቢ፤ የፈረንጆቹ ጥቅምት 23 ቀን ቢቢሲ ላይ የወጣውን። ድምፁ የማይክል በርክ ነው፣ ካሜራው የኬንያዊው መሐመድ አሚን። የሁለቱም ስም ይነሳል። በርክ አሚን ስላለ አነሰ? እንዲያውም ያለ አሚን ምስል ያንን ጽሑፍ ዛሬ ማን ያነሳው ነበር?

ስም ማስቀረት ደግሞ መዘዙ ረጅም ነው። ከናፓልም ቦምብ ሸሽታ ራቁቷን እየጮኸች የምትሮጠውን የቬትናም ልጅ ፎቶ ታውቂዋለሽ። በፈረንጆቹ 1972 የተነሳ ነው። የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ በፎቶ አንሺው በኒክ ኡት ስም አወጣው፤ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካኖቹን የጋዜጠኝነት ሽልማት ፑሊትዘርንም፣ የወርልድ ፕረስ ፎቶን የዓመቱ ምርጥ ሽልማትንም አገኘ። ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2025፣ አንድ ዘጋቢ ፊልም «ያነሳው እሱ ሳይሆን ንጉየን ታን ንጌ የሚባል ሰው ነው፤ በ20 ዶላር ሸጦት ነው» ብሎ ተነሳ። ኡት በፍጹም አይቀበለውም። አሶሼትድ ፕሬስም መርምሮ ስሙን የሚያስቀይር በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ወርልድ ፕረስ ፎቶ ግን የአንሺውን ስም ከፎቶው ላይ አግዶታል። ማን እውነት እንዳለው እኔ ልፈርድ አልችልም። ግን አስቢው፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ፎቶ፣ ግማሽ ክፍለ ዘመን። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ስም የጻፈው እጅ ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ታደርጊያለሽ። መጀመሪያ ትደውዪለታለሽ። «ላስገባው ነው፣ ስምህን ላስገባ ወይ?» ትዪዋለሽ። አይሆንም ካለ መብቱ ነው፤ ግን በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ ይመልስልሽ። ገንዘብ ያለው ሽልማት ከሆነ ሥራውን ከመላክሽ በፊት በድርሻው ተስማሙ። ከዚያ ማብራሪያው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትጽፊያለሽ፦ «ሐሳቡን ያመጣሁት፣ ኃላፊዎቹን ያነጋገርኩት፣ ጽሑፉንና ቅንብሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሌሊቱን ድምፅና የነዋሪዎቹን ቃለ መጠይቅ የቀረጸው እገሌ ነው።» አለቀ። አንዳንድ ውድድር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ለምሳሌ የቶምሰን ፋውንዴሽን የወጣት ጋዜጠኞች ሽልማት 30 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ሰዎች ነው፣ ሦስት ሥራ ያስገባሉ። እንዲህ ያለው ላይ እንኳን ሁለቱን ብቻሽን ከሠራሻቸው ምረጪና ሦስተኛው ላይ የእሱን ድርሻ ማብራሪያው ውስጥ ጥቀሺ።

ፎርሙ «ዘገባው ምን ለውጥ አመጣ?» ይላል፤ አንቺም «ቧንቧው ተጠገነ» ልትዪ ነው። ግን እኮ ከሳምንት በኋላ መልሶ ደርቋል፤ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሁለቱንም ጻፊ። የጀርመኑ ዴር ሽፒገል መጽሔት ጋዜጠኛ ክላስ ሬሎቲየስ በሽልማት ላይ ሽልማት ይሰበስብ የነበረ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ ብዙ ታሪኮቹ የፈጠራ መሆናቸው ታወቀ። ያጋለጠው ደግሞ አንድ ዘገባ አብሮት እንዲሠራ የተመደበው ባልደረባው ሁዋን ሞሬኖ ነው።

አለቃሽ ያለው ግማሹ ልክ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ፣ በቁጥር 410/1996 ማለት ነው፣ ተቀጥረሽ የሠራሽው ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪሽ ነው። የሥራው አመንጪ ነኝ የማለት መብት ግን፣ የሞራል መብት የሚሉት፣ የኢኮኖሚ መብቱ ከሌላ ሰው እጅ ቢሆንም ካንቺ ጋር ይቀራል። ይህ ለባጃጅ ነጂው ልጅም ይሠራል። ስለዚህ ከጣቢያው የፈቃድ ደብዳቤ ጠይቂ፤ አትጣዪ። ኤዲተርሽ በእርግጥ ኤዲት ካደረገ ስሙ ይግባ። ፈርሞ ብቻ ያሳለፈ ከሆነ አይግባ። ይሄን ስታደርጊ ፊቱ ይቀየር ይሆናል፤ ቻዪው።

እንግሊዝኛሽ አያሳስብሽ። የሚፈረደው ሥራሽ ነው፣ ትርጉሙ የሚጠየቀው እንዲገባቸው ነው። ቋንቋ የሚችል ሰው ፈልጊ፣ ግን አያሳምርልሽ። ሴትዮዋ «መጣ እንዴ?» ካለች ትርጉሙም ያው አጭር ጥያቄ ይሁን። አንዳንድ ተርጓሚ እዚያ ጋ ስለ ውሃ ጥም ግጥም ይጽፍልሻል።

ስለ ክፍያም ጠይቀሻል። ማስገቢያ መጠየቁ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ፑሊትዘር ራሱ 75 ዶላር ያስከፍላል። ወርልድ ፕረስ ፎቶ ደግሞ በነጻ ነው። የኛው ሙሉጌታ አየነ በኢቲ 302 አደጋ ቦታ አፈር ፊቷ ላይ የምትበትነውን ሐዘንተኛ ያነሳበት ፎቶ በ2020 ለዓመቱ ምርጥ ከታጩት ስድስት አንዱ የሆነው እዚያ ነው። «አሸንፈሻል፣ ለዋንጫውና ለእራት ግብዣው ክፈዪ» ካሉሽ ግን ኢሜይሉን አጥፊው። አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ራሱ ለተሠራ ዘገባ የሚሰጠውንም ሽልማት በተመለከተ አስተያየቴን ባልነግርሽ ይሻላል።

አሁን ቤተሰብሽ። አባትሽ «ሽልማት እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው ልክ ነው። የሽልማቱን ብር ለቤት ኪራይ ማስላት ከጀመርሽ አቁሚ፤ ያልመጣ ብር ነው። ባንክ የሚባለው ግን ምንድን ነው? ተቀጥረሽ እንቢ ያልሽ ነው የሚያስመስሉት። ወንድምሽ ራሱ በአካውንቲንግ ተመርቆ ዓመት ሙሉ ለባንክ ሲያመለክት እንደኖረ ጽፈሻል። መጀመሪያ እሱ ይግባና ያሳየን። በወር 3 ሺህ ብር ለቤት የምትልኪው አንቺ ነሽ፤ እሱም ከዚሁ ከሚናቀው ሬዲዮ ነው የሚወጣው። ለአባትሽ ቁርጡን ንገሪያቸው፦ ሁለት ዓመት እሞክራለሁ፣ የምልከው አይቋረጥም። እኔን እናቴ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ልታስደርገኝ ደጅ ጠንታልኝ ነበር። አልሄድኩም። ሽልማት አንድም ቀን አላገኘሁም፤ በኋላ ኤዲተር ያደረገኝ ግን ለውድድር ብዬ ቀን ቀኑን ጽፌ ያደራጀሁት የሥራዎቼ ፋይል ነው።

ለዚህም ነው ብታሸንፊም ባታሸንፊም አስገቢ የምለው። ዛሬውኑ ያልተቆረጠውን ድምፅ፣ ስክሪፕቱንና የተላለፈበትን ቀን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። የጣቢያ ኮምፒውተር ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው የሪፖርተር ፎልደር ነው። ከኮፒው አንዱን ለልጁ ስጪው፤ የእናቱም ድምፅ አለበትና።

ደግሞ ጠዋት አትደውዪለት፣ ተሳፋሪ የሚበዛበት ሰዓት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አቁሞ ሲያርፍ ይሻላል።