ቦሎ አላት ተብሎ ሐረጎን መውረድ ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ሰነበቱ። ቤቴ ኮምቦልቻ ስራዬ ደሴ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ሲያማርረኝ ያገለገለች 125 ሲሲ ስኩተር ገዛሁ። ሻጩ የዘንድሮ ቦሎ አድርጎ ነው የሰጠኝ፣ ሊብሬውም ንጹህ ነው። ግን ማታ ስመለስ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ወርጄ ልጨርስ ስል የኋላ ፍሬኑ ይከዳኛል፣ እስከ መጨረሻው ብስበውም አይዝም፣ የሚቃጠል ነገርም ይሸተኛል። ጠዋት ሳየው ደግሞ ምንም አልሆነም። ለሻጩ ስነግረው «ምርመራ ያለፈች ሞተር ናት፣ ምን ትፈልጊያለሽ» አለኝ። ካለፈች ታዲያ ለምን እንዲህ ትሆናለች? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ እንኳን በሰላም ገባሽ። እስክትሰራ ድረስ ግን በሷ ሐረጎን አትውረጂ፣ ሰልፉ ቢያማርርም ለጥቂት ቀን በታክሲ ተመላለሺ፣ እባክሽን።

ሻጩ ዋሽቶሽ ላይሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሰረት ተሽከርካሪ በየአመቱ መመርመር አለበት፣ እኔም ቦሎን አልንቀውም፣ ስንት የተበላሸ ሞተር ከመንገድ ያስወጣል። ግን ቦሎ የሚነግርሽ በዚያች ቀን መብራቱ በርቷል፣ ፍሬኑ ይዟል፣ የሻሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ገጥሟል ነው። ፍሬኑ የታየው በቀዝቃዛው ነው፣ ያንቺ ችግር ደግሞ የሚመጣው ሲግል ነው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ነች ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ፣ ይሄን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ስትወርጂ ያንቺም የሞተሯም ክብደት ተጠራቅሞ ሙቀት ሆኖ የሚያርፈው እዚያች ትንሽ ታምቡር ላይ ነው፣ ከኋላ ጎማው ጋር የምትዞረው ክብ ብረት ላይ። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከውስጥ ተጭኖ ከሚይዘው ሸራ ይርቃል፣ ሸራውም ሲቃጠል መያዙን ይተዋል፣ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጠዋት ደህና የሚመስልሽ ለዚህ ነው።

እኔ ጋ ተመሳሳይ ነገር ያላት ስኩተር መጥታ ታምቡሩን ስከፍተው ሸራው ገና ወፍራም ነበር፣ ባለቤቱም «አላለቀም እኮ» አለኝ፣ ነገር ግን ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፣ በጥፍሬ ስጭረው እንኳን ይንሸራተታል። እንዲህ የሆነ ሸራ ባያልቅም ይቀየራል። ብዙ ስኩተሮች ላይ የኋላ ጎማው ጋ የፍሬኑ ገመድ የሚስበው ክንድ ስር ትንሽ ቀስት አለች፣ ፍሬኑን ይዘሽ ቀስቷ አጠገቧ ካለው ምልክት ከደረሰች ሸራው አልቋል ማለት ነው። መካኒክ ሳትጠሪ ራስሽ ታይዋለሽ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ስኩተር እንደ ባለማርሽ ሞተር አይደለችም። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ለቀሽ ፍጥነቷ ሲወርድ ፍሪሲዮኗ ራሱን ይለቃል፣ ከዚያ ሞተሩ አይይዝሽም ዝም ብለሽ ትንከባለያለሽ፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ነው። እንዲህ ስትሆን ነዳጅ ትንሽ ነካ አድርገሽ ልቀቂው፣ ፍሪሲዮኑ ተመልሶ ይይዝና ሞተሩ ራሱ ይጎትትሻል። ፍሬኑንም ሁለቱንም ተጠቀሚ፣ ደህና አድርገሽ ያዢ ከዚያ ልቀቂ ይተንፍስ፣ ሙሉውን ቁልቁለት በስሱ ይዞ መውረድ ነው የሚያቃጥለው። ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ሐረጎን የሚወርድ ልጅ ሳይ ደግሞ ሆዴ ይላወሳል።

የፊቱ ዲስክ ከሆነ የፍሬን ዘይቱን መሪው ላይ ባለችው ትንሿ መስኮት እዪው፣ አዲስ ሲሆን እንደ ቀጭን ሻይ ነው፣ ቡና ከመሰለ ቆይቷል። ዘይቱ ውሃ ይስባል፣ ውሃ የያዘ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ያኔ መያዣውን ብትስቢውም ፍሬኑ አይዝም፣ ስለዚህ በ2 አመት አንዴ ይቀየር።

እግረ መንገድሽን መሪዋንም አስታይ። ደሴ ኮብልስቶን ላይ እነዚህ ትናንሽ ጎማዎች የመሪውን ኩሽኔታ ይቀጠቅጡታል። ሞተሯን በመሀል ማቆሚያዋ አቁመሽ፣ አንድ ሰው ከኋላ ተጭኖ የፊት ጎማውን ያንሳልሽ፣ መሪውን በሁለት ጣት ቀስ አድርገሽ አዙሪው፣ ልክ መሀል ላይ ሲደርስ ጣቅ ብሎ ከያዘ ኩሽኔታው ሰርጉዷል። ይሄም ምርመራ ላይ ሳይታይ ያልፋል። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ 4 ቁጥር ታገኛለሽ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ዝናብ ላይ አይታመንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ ስኩተሬ ዳገት ላይ ትደክማለች ካንዴላዋም ጥቁር ጥላሸት ነው፣ ጋራዥ ሞተሩ ይከፈት አሉኝ። ደግሞ ቦሎ ልሄድ ነው፣ በብዛት ምን ይጥላል?

መልስ፦ ወንድሜ አብሽር፣ ሞተር ለመክፈት አትቸኩል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ ጥላሸቱም ድካሙም ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ ወይ ቀይር፣ ከዚያ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ናስ አንድ ቁጥር ወደ ታች ያስቀይሩልህ። ያም ካልረዳ ቺንጋውን ያሳዩህ፣ ተበልቶ ከቀጠነ ሞተሩ እየጮኸ ስኩተሯ አትሄድም።

ለቦሎው ከሁሉ በፊት መብራት ነው። ግድግዳ አጠገብ ማታ አቁማትና የቀኙን ፍሬን ብቻ ያዝ፣ ከኋላ ቀዩ ግድግዳው ላይ ይብራ፣ ከዚያ የግራውን ለብቻው ያዝ። ብዙውን ጊዜ አንደኛው አይሰራም፣ መያዣው ስር ያለችው ትንሽ ስዊች አቧራና ዝናብ ገብቶባት ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ከኋላው ስለሆነ አያይም። ፍሬቻና ክላክሱንም በዚያው ሞክራቸው፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጠው፣ እየሰራ።