መልስ፦ በሰፈራችን ፕላን ስብሰባ ላይ ምን ልበል?

ወንድሜ፣ ወረዳው በሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም የሰፈሩ መሬት የቱ ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ዝርዝር ፕላን ላይ ስብሰባ ጠርቶ ምን ልበል ላልከው፣ መጀመሪያ ካርታውን ራሱን እይ። ገለጻ ብቻ ሰምተህ እንዳትፈርም። የቀለሞቹን ትርጉም ጠይቅና ቤትህን ፈልግ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ይህ ፕላን የሚወጣው ከከተማው መዋቅራዊ ፕላን (ከመላ ከተማው ዋና ፕላን) ተነስቶ ነው፤ ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ካለ አንሳው።

እኛ ሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱባት ሜዳ ካርታው ላይ ቅይጥ መኖሪያ (መኖሪያ ከሌላ አገልግሎት ጋር የሚቀላቀልበት) ተብላ ተቀብታ ነበር። አንዲት እናት ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው፣ «ታዲያ የለቅሶ ድንኳን የምንተክለው የት ነው?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለሙያዎቹ ጭራሽ አላሰቡትም ነበር።

ስለዚህ የእድር ሰዎችን ይዘህ ሂድ። አስተያየትህን በጽሑፍ አስገባ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታይ ደግሞ እንዳትወጣ።