«የልጄን ነገር ማንን ልጠይቅ?» ከደሴ፣ ለልዩ ፍላጎት ተማሪ ቤተሰቦች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ስድስት ዓመት የልዩ ፍላጎት መምህር ሆኜ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ስራዬ ቤተሰብንና ትምህርት ቤትን ማገናኘት ነው። ባለፈው ሳምንት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። በውስጥ የላካችሁትን ጥያቄ ስምና ሰፈር ሳልጠቅስ አቀርበዋለሁ። ከስራዬ የማነሳው ታሪክም ልጁ እንዳይታወቅ ትንሽ ትንሽ ተቀይሯል።

ጥያቄ፦ አገናኝ ማለት ምን ማለት ነው? ደሞዝ አለው ወይስ በጎ ፈቃድ ነው?

በአብዛኛው ትምህርት ቤት «የቤተሰብ አገናኝ» የሚባል መደብ የለም። ስራውን የሚሰራው የልዩ ፍላጎት መምህሩ ነው፣ ከማስተማሩ ላይ ደርቦ። እኔም እንደዚያ ነው የገባሁበት፣ ደሞዜም የመምህር ደሞዝ ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ልጆቹን ከሚያመጧቸው ሰዎች እቀበላለሁ። እንዴት አደረ፣ በላ ወይ፣ ተኛ ወይ፣ መድኃኒቱን ወሰደ ወይ እላለሁ። ከሰዓት ቤት ለቤት እሄዳለሁ። ሐኪም ቤት ለብቻዋ መሄድ የፈራች እናት ካለች አብሬያት ወረፋ እይዛለሁ። ርዕሰ መምህሩ የጻፈውን ደብዳቤ እናትየዋ በሚገባት አማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ እያለቀሰች የነገረችኝን ደግሞ መምህሩ ነገ ክፍል ገብቶ ሊሰራበት በሚችል መልኩ አደርሳለሁ። ሁለተኛው ነው ከባዱ። ትምህርት ቤት ለወላጅ መናገር ይወዳል፣ ወላጅን መጠየቅ ግን አልለመደበትም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ከቤት የማይወጣ ልጅ አለ፣ ቤተሰቡ ይደብቀዋል። እንዴት ነው የምንቀርባቸው?

ይሄን አምስት ሰው ጠይቆኛል። መጀመሪያ «ይደብቁታል» የሚለውን ቃል እንተወው። ከማያቸው ቤቶች በብዙዎቹ ልጁን ከጉዳት እየጠበቁት ነው። አንዴ አውጥተውት ተሰድቦባቸዋል፣ ድንጋይ ተወርውሮበታል፣ ወይ ትምህርት ቤት ወስደውት ከበር ተመልሰዋል። በሩ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከደጅ ነው የመለሱኝ። በሁለተኛው ቀን ቡና ላይ ደረስኩ፣ ግቢ አሉኝ። ስለ ልጁ አንድም ቃል አላነሳሁም። ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ብርዱ አውርተን፣ በረካዋን ጠጥቼ፣ መርቄ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ቶናው ሲቀዳ ከመጋረጃው ጀርባ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ሲኒ ከሲኒ ሲነካካ ያለው ድምፅ። እናትየው ደነገጠች። «ስንት ይደረድራል?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ስምንት ይደርሳል፣ አንዱም አይወድቅበትም» አለችኝ። ስለ ልጇ በኩራት ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማኋት። ከዚያ ራሷ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠችው።

ልጁ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፣ አይናገርም። ትምህርት ቤት ሲገባ ለመምህሩ መጀመሪያ የነገርኩት ስለማይችለው ነገር አልነበረም፣ ስለ ሲኒዎቹ ነው። መምህሩም በለስላሳ ጠርሙስ ክዳን መደርደር አስጀመረው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ዛሬ እስከ አምስት ያለውን ቁጥር በእጁ ያሳያል። ያ ወሬ ከእናቱ አፍ ባይወጣ ኖሮ መምህሩ በምን ያውቅ ነበር?

ብቻችሁን አትሂዱ። ቤቱ የሚያምነውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የቅሬውን (የእድሩን) ሽማግሌ ወይም የጤና ኤክስቴንሽኗን። እሷ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ታውቃለች። ወረቀትና እስኪርቢቶ ይዛችሁ ከገባችሁ ደግሞ መዝጋቢ ትመስላላችሁ፣ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ «ለእሱ የሚሆን መምህር የለንም» ብሎ መለሰን። መብት አለን?

አላችሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ስርዓት አይገለል ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ይሄን ጮክ ብላችሁ ማንበብ አያስፈልግም፣ እንደምታውቁት ብቻ ይታይ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በቃል የተነገራችሁን ይዛችሁ አትመለሱ፣ «እባክዎ በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ይለሰልሳል። ካልሆነ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ። እዚያ ስትደርሱ «የልዩ ፍላጎት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው የቅርብ ትምህርት ቤት የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማዕከሉ ያለበት ትምህርት ቤት በዙሪያው ያሉትንም እንዲያግዝ ነው የታሰበው፣ ስለዚህ ልጃችሁ ባይማርበትም እርዳታው ሊደርሰው ይገባል።

ርዕሰ መምህሩን ግን ጠላት አታድርጉት። ስልሳ ልጅ አንድ ክፍል ያጨቀ ሰው «የለንም» ሲል አንዳንዴ ጭንቀቱን ነው የሚናገረው። ልጃችሁን ዓመቱን ሙሉ የምታመጡት እሱ ዘንድ ነው።

ጥያቄ፦ (ከመምህር) ወላጅ ስንጠራ አይመጣም። ደብዳቤ ብንልክ መልስ የለም። ግድ የላቸውም ልበል?

መምህር፣ እንደዚያ አይበሉ። ስንት ጊዜ ጠሯቸው? ለምን ጠሯቸው? መታ፣ ነከሰ፣ ልብሱን አበላሸ፣ ከክፍል ወጣ። እናትየው የትምህርት ቤቱን ስልክ ስታይ ሆዷ ይላወሳል። እኔ አንድ ልማድ አለኝ፣ አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ደህና ወሬ ይዤ እደውላለሁ። «ዛሬ ጫማውን ብቻውን አሰረ» ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ለከባዱም ስደውል ይነሳል።

ደብዳቤውን ማን ያነበዋል? እናት ማንበብ ካልቻለች ጎረቤት ነው የሚያነብላት፣ የልጁ ጉዳይ ሰፈር ገባ ማለት ነው። ቀኑንም ይዩት። ደሴ ላይ ሰኞ ወላጅ መጥራት ገበያ የምትውለውን እናት አትምጪ እንደማለት ነው። የቀን ሰራተኛ የሆነ አባት ደግሞ ረፋድ ላይ ከመጣ የዕለት እንጀራው ቀረ። እኔ ብዙውን ጊዜ ልጅ በሚያመጡበት ሰዓት አስር ደቂቃ እለምናለሁ፣ ወይ እኔው እሄዳለሁ።

መገናኛ ደብተርም ይሞክሩ። ከልጁ ጋር ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለስ ተራ ደብተር ነው። ማንበብ የማትችል እናት ጋር በስዕል ተግባብተናል፤ ፀሐይ ማለት ደህና አደረ፣ ደመና ማለት ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ። ደመና ያለ ቀን መምህሩ ከባድ ነገር አይሰጠውም። የልጁ ጩኸት ቀነሰ። ስንፍና ሲባል የነበረው እንቅልፍ ማጣት ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ቤተሰቡ ፀበል ይበቃዋል ይላል፣ መምህሯ ደግሞ ትፈራለች። መሀል ላይ ነኝ።

አብሽሪ እህቴ። እኔ ፀበልም ሆነ ዱአ ተዉ ብዬ አላውቅም፣ አልልምም። ቤቱ ያጽናናዋል፣ መጽናናትም ያስፈልጋል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በአንዴ ማቆም ከበፊቱ የባሰና የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ያሳጣል። ብዙ ቄሶችና ሼሆች ይሄን ሲነገራቸው «መድኃኒቱን ውሰድ» ይላሉ፣ ስለዚህ ከአማቶችሽ ጋር ከመከራከር እነሱን አማክሪ።

ለመምህሯ ደግሞ ቁጭ ብለሽ አሳያት። ሲወድቅ ከጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር ታድርግ፣ የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ ታንሳ፣ ወደ ጎኑ ታስተኛው፣ ሰዓት ትመልከት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይገባም። ተይዞ አይታሰርም። ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳውም፣ ሊያቃጥለው ይችላል እንጂ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከያዘው ባጃጅ ተጠርቶ ሐኪም ቤት። ስልክሽን ግድግዳ ላይ ትለጥፈው። ፍርሃቷ የሚቀንሰው ምን እንደምታደርግ ስታውቅ ነው።

አይተላለፍም። ለሃጩ ቢነካሽ አይተላለፍም። ይሄን ለተማሪዎቹም ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አትናገርም። ሰው ሁሉ ኦቲዝም ነው ይለኛል።

ሰው ሁሉ ሐኪም አይደለም። መጀመሪያ ጆሮዋን አስመርምሪ። ከኋላዋ ሆነሽ ስትጠሪያት ካልዞረች፣ ድስት ሲወድቅ ካልደነገጠች፣ ችግሩ መስማቷ ላይ ሊሆን ይችላል። ከተሰማት ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ይያት። ክትባትም፣ የእናት ኃጢአትም ኦቲዝም አያመጣም፣ ራስሽን አትቅጪ።

መስማት የተሳናት ከሆነች የምልክት ቋንቋ ንግግሯን ያጠፋባታል ብለሽ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ይጀመር። አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚሰማ ቤተሰብ ነው የሚወለዱት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ምልክት ተምራ ቤት ስትገባ የሚያናግራት ካጣች፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነች ማለት ነው። በሳምንት አስር ምልክት ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለአያትም ጭምር። ውሃ፣ እንጀራ፣ አመመኝ፣ ፈራሁ፣ እወድሻለሁ።

ጥያቄ፦ አባቶች የት ናቸው?

ስራ ላይ፣ ወይም ሀዘን ላይ። ስብሰባ ጥራቸውና አይመጡም። «ለዊልቸሩ መወጣጫ እንስራ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው ቸግሮናል» ስል ግን አራት መጡ። ከአራቱ ሁለቱ አሁን የወላጅ መምህር ሕብረት ውስጥ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነን። ወደ ደሴ ብናመላልሰው ይሻላል?

መጀመሪያ እዚያው ያለውን ጠይቃችሁ ጨርሱ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የሐረጎን መጠምዘዣ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ጉም ሲወርድበት ደግሞ ይብሳል። መኪና የሚያዞረው ልጅ ደርሶ ምንም አይማርም። የግድ ከሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ጀምሩ። ሹራብም አትርሱ፣ የሁለቱ ከተማ አየር አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?

አዎ። በሁለተኛው ዓመቴ አንዲት እናት በር ላይ አገኘኋትና፣ ሌሎች ወላጆች እየሰሙ፣ «ልጅሽ ዛሬም ሱሪው ላይ ሸናበት፣ ቅያሪ አምጪ» አልኳት። በደህና ልብ ነው ያልኩት። ሁለት ወር አልመጣችም። ልጁም አልመጣም። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔን ሳይሆን እሱን ነው ያዋረድሽው» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ በር ላይ አላወራም። ጓሮ ያለችው ዛፍ ስር ሁለት ወንበር አስቀምጫለሁ፣ የሚወራው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ይሄን ስራ መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ግን ሳትመዘገቢ በፊት አንድ ወር የልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ በነፃ አግዢ። ምግብ አብይ፣ አፍንጫ ጥረጊ፣ ከእናቶች ጋር ቁጭ በይ። ከወሩ በኋላ መልሱን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ጠርተውኛል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፍልሽ። ምን ልያዝ?

ብቻሽን አትሂጂ፣ እህትሽንም ጎረቤትሽንም ይዘሽ ሂጂ። ልጅሽ ቤት ውስጥ የሚችላቸውን ሦስት ነገሮች ጽፈሽ ያዢ፣ ካስፈለገ በስልክሽ ቪዲዮ ቀርፀሽ አሳዪ። እነሱ ችግሩን ሲናገሩ አዳምጪ፣ አታቋርጪ። ሲጨርሱ «ይሄ በስንት ሰዓት ነው የሚሆነው? ከዚያ በፊት ምን እያደረገ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያች ሰዓት ላይ ነው፤ የምሳ ረሃብ፣ የደወል ድምፅ፣ የሚመታው ልጅ። ያልገባሽን «አልገባኝም» በይ። ያልተስማማሽበትን አትፈርሚ፣ «ቤት ወስጄ ላስነብበው» ማለት ይቻላል። ከመነሳትሽ በፊት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን አስቆርጪ።

አሁን እንቅልፍ ይውሰድሽ። ነገ ስትወጪ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።